ልካችሁን እናውቃለን፣ አድራሻችሁን አናውቅም

ዛሬ ጠዋት የሱቃችንን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ስከፍት ተዘግቶ አገኘሁት። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም።

ከፒያሳ ወደ አምስት ኪሎ ከተዛወርን ገና ሳምንታችን ነው። አዲሱን ቦታ ለደንበኞቻችን የምንነግረው በዚያ ገጽ ነበር።

ልብስ ሰፊው አባዬ ግን «ምን አስጨነቀሽ? ደንበኞቼ ሁሉ እዚህ አሉ» ብሎ መዝገቡን ዘረጋልኝ።

ወገብ፣ ትከሻ፣ የእጅጌ ርዝመት። «ቀዩ መምህር፣ ግራ ትከሻው ዘንበል ይላል።» ስልክ የለም፣ ኢሜይል የለም።

ኢሜይላቸውን እንመዝግብ ስለው «እኔ ሰፊ ነኝ እንጂ ፖስታ ቤት አይደለሁም» ይለኝ ነበር። እኔም ገጹን ተማምኜ ተውኩት።

«አሁንስ?» አልኩት።

«ሱሪያቸው ሲጠብ ይመጣሉ።»

መምጣቱንስ ይመጣሉ፤ ግን ወደ ድሮው ሱቅ።

ደንበኞቻችሁን እንዲህ በአንድ ጠዋት ያጣችሁ አላችሁ? እንዴት አገኛችኋቸው?

ግራ ትከሻው ዘንበል ያለ ቀይ መምህር የምታውቁ ካላችሁም፣ ኮቱ ደርሷል በሉልኝ።