እናትነሽ «ጆሮዬ ጮኸ» ያለችኝ ቀን

የሰመመን ባለሙያ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የሰመመን ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ አያሌው ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አስፈተሹኝ። «ማሽን የሚፈተሸው ታካሚ ከመግባቷ በፊት ነው፤ ከገባች በኋላ ያለው ጸሎት ነው» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ በኦፕሬሽን የወለደች እናት ከዋርድ ስትጮህ ሰማሁ። ለኦፕሬሽኑ ያደነዘዛት የወገብ መርፌ ለቋት ነበር።

«ጋሼ፣ ምን እናድርግላት?»

«የሚወጋ ማስታገሻ ታዞላታል። የእኛ ሥራ የኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ያበቃል።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ሌላ የምንሰጠው ነገር ስላልነበረን ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ሥራዬን በሩ ላይ ስጨርስ ኖርኩ። እናቶቹ ቁስላቸውን በእጃቸው ይዘው ማሳል እንኳን ይፈሩ ነበር። ዞረው ልጃቸውን ማጥባት ያቅታቸዋል። አስታማሚዎቹ «ቻይው፣ ያልፋል» ይሏቸዋል።

በኋላ ለሥልጠና ተላክሁና የሆድ ግድግዳን ነርቭ ማደንዘዝ ተማርኩ። መርፌው ከዳሌ አጥንት በላይ፣ ጎን ላይ ይገባል። ሁለት ሽፋን ሲያልፍ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲል እጅ ላይ ይሰማል። ደም አለመኖሩን ስቦ ማየት፣ ከዚያ መድኃኒቱን ቀስ እያሉ መግፋት ነው። በቀኝም በግራም እንደዚያው። መጀመሪያ የሠራሁላት ሴት በዚያው ቀን ማታ ተቀምጣ አጠባች። ከእሷ በኋላ ብዙ ሠራሁ፤ እጄም ፈጠነ።

እናትነሽ ከይጁቤ በአምቡላንስ የመጣች የመሪጌታ ሚስት ናት። ምጡ ጠንቶባት ዶክተር ሰላም በኦፕሬሽን አዋለደቻት፤ ወንድ ልጅ ነው፣ ደህና አለቀሰ። የወገብ መርፌው ሳይለቃት ማገገሚያ ክፍል ወስጄ የሆድ መርፌውን አዘጋጀሁ።

ካርዷ ላይ ክብደቷ አልተጻፈም። ሚዛኑ ያለው ማዋለጃ ክፍል ነበር። ሄጄ ከመጠየቅ ይልቅ በዓይኔ ስልሳ ኪሎ ገመትኩና መድኃኒቱን በዚያ ልክ ቀዳሁ።

ቀኝ ጎኗን ጨረስኩ። ግራውን ገፍቼ ሳላጋምስ ተናገረች።

«እትዬ፣ ጆሮዬ ጮኸ።»

«ድካም ነው፣ አይዞሽ» አልኳትና መግፋቴን ቀጠልኩ።

«አፌም ብረት ብረት ይለኛል።»

ያኔ እጄ ቆመ፤ ሁለቱም የመድኃኒት መብዛት ምልክት ናቸው። መርፌውን ነቀልኩ። ከንፈሯ መርገብገብ ጀመረ፤ ወዲያው መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። የክፍሉን ነርስ «ዶክተር ሰላምን ጥሪልኝ!» ብዬ ጮኼ ጭምብሉን ፊቷ ላይ አድርጌ ኦክስጅን በእጄ መጭመቅ ጀመርኩ።

ዶክተር ሰላም ሮጣ ገባች። «ኤክላምፕሲያ ነው?» አለች። የእርግዝና ደም ግፊት የሚያመጣውን መንቀጥቀጥ ማለቷ ነው። ለእሱ የሚሰጠውን ማግኒዥየም ነርሷ አንስታለች።

አዎ ብል ሁሉም ያምነኛል። ማግኒዥየሙ ግን የባሰ ልቧን ሊያደክማት ይችላል።

«አይደለም» አልኩ። «ግፊቷ ደህና ነበር። የእኔ መድኃኒት ነው። በዝቶባታል።»

ዶክተር ሰላም አንድ ጊዜ አየችኝ። «ማርከሻው አለን?»

«የለንም።»

«እሺ፣ ንገሪኝ፤ ምን ላድርግ?»

መንቀጥቀጡን የሚያቆመውን ዳያዜፓም በደም ሥሯ እንድትሰጣት ነገርኳት። መንቀጥቀጡ ቆመ፤ የልቧ ምት ግን እየወረደ ሄደ። ሞኒተሩ ላይ ቁጥሩ አርባ ደረሰ። የልብ ምት የሚያፈጥነውን አትሮፒን ሰጠናት። እኔ መጭመቄን አላቆምኩም። አርባ፣ አርባ አራት፣ ሃምሳ። ስልሳን ሲያልፍ ዶክተር ሰላም ወንበር ስባ ተቀመጠች። እናትነሽ በራሷ መተንፈስ ጀመረች።

መሪጌታ በር ላይ ቆመው ነበር። ማንም እንዲናገርልኝ አልፈለግሁም። ወጥቼ፣ «አባቴ፣ ባለቤትዎ ተንቀጥቅጣ ነበር፤ አሁን ተርፋለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳልመዝናት መድኃኒት አብዝቼ ሰጠኋት» አልኳቸው።

በበሩ አሻግረው ሚስታቸውን አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ብትሞትብኝ ኖሮስ? ያኔም እንዲህ ብለሽ ትነግሪኝ ነበር?»

«እነግርዎ ነበር» አልኩ። እውነቴን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ መቆም ስትችል ሚዛን ላይ አወጣናት። አርባ ሦስት ኪሎ ነበረች። ገና ሳትወልድ ያየሁት ሆዷ አታሎኛል። ልጇን አቅፋ ስታጠባ አጠገቧ ተቀምጬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ጆሮዬ ጮኸ ስልሽ ምነው አልሰማሽኝ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ራሷን በእሺታ ነቀነቀችና ልጁን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችው።

የሆነውን ጽፌ ለሆስፒታሉ አቀረብኩ። ማርከሻው እንዲገዛ ጠየቅሁ፤ ቆይቶም ቢሆን መጣ። ሚዛን ማገገሚያ ክፍል ገባ። ጥቂት ጊዜ የሆድ መርፌውን ፈርቼ ተውኩት፤ ግን እናቶቹ ቁስላቸውን ይዘው ሲንቆራጠጡ ማየቱ አላስቀመጠኝም፤ ተመለስኩ።

አሁን ሳልመዝን አልቀዳም። በየጥቂቱ እየገፋሁ «ጆሮሽ እንዴት ነው? አፍሽስ?» እያልኩ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ከተሰማት አቆማለሁ። ለጀማሪዎች የምነግራቸውም ይኸንኑ ነው፦ ታካሚዋ አንድ ነገር ስትላችሁ መጀመሪያ እጃችሁን አቁሙ፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ፈልጉ።