ጎን ለጎን ያሳፈርኳቸው ልጆች

ሮቤ ከተማ የፈረስ ጋሪ እነዳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ያስቆጠሩኝም ትምህርት ቤት የማመላልሳቸው ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። አንደኛው የአርሲ ኦሮሞ ልጅ ነው፤ የሌላኛው አያት ከመንዝ የመጡ ናቸው። ከጎኔ ተጣብቀው ይቀመጡና የየሱቁን ታፔላ አንዱ በኦሮምኛው ፊደል በቁቤ፣ አንዱ በአማርኛ ያስነብቡኛል። ስሳሳት ይስቁብኛል። እርስ በርስም ይተራረባሉ።

«ይሄ ፈረስ አማርኛ አይገባውም፤ ዴሚ በለው» ይላል የአርሲው ልጅ፣ ሂድ ማለቱ ነው።

«የሚገባውስ አለንጋ ነው፣ እንዳንተ» ይላል ያኛው።

ፈረሴ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል። ሲደክመው ደግሞ ሁለቱንም አይሰማም።

አምና ከተማው በዘር ግጭት ወሬ ታመሰ። አንድ ጠዋት የአርሲው ልጅ አባት ጠጋ ብሎ በኦሮምኛ፣ «አንተ የእኛው ሰው ነህ፤ ልጄን ከዚያ ልጅ ለይልኝ» አለኝ። በማግስቱ የሌላኛው አባት ያንኑ በአማርኛ ደገመው። ለእሱም የእነሱው ሰው ነኝ።

በእኛ አገር ሰላምታ እንደ አመጣጡ ይመለሳል። «አሰላሙ አለይኩም» ላለኝ «ወአለይኩም ሰላም»፣ «እንደምን አደርክ» ላለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ይህንኑ ሰምተው ሁለቱም የራሳቸው አደረጉኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቀውኝ አያውቁም። አልነገርኳቸውም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ለሁለቱም የሰጠሁት መልስ አንድ ነው፤ «እኔ ጋሪዬ ላይ ዘር አልለይም። ካልተስማማዎት ልጅዎን ያስቀሩ።»

አስቀሩ። ሁለት የተማሩ አባቶች ልጆቻቸውን በሁለት ባጃጅ ወደ አንድ ትምህርት ቤት መላክ ጀመሩ። ምን ይባላል እንግዲህ።

ጥቂት ቆይቶ ገበያው ጥግ ቆሜ ሳለ ሁለቱም ከየባጃጃቸው ወርደው እየሮጡ መጡ።

«ጋሼ፣ ቦታ አለ?»

«ቦታው የት ይሄዳል?» አልኳቸው።

ተጋፍተው ወጡ። ገና ሳንንቀሳቀስ ልጓሙን ማን ይያዝ ብለው ተጣሉ።

«አንተ ስትይዘው ይቆማል» አለ የአርሲው።

«አንተን አይቶ ነው የሚቆመው።»

ልጓሙን ነጥቄ ነዳሁ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከዚያው ጥግ ነው የማነሳቸው። ኪራይ አልቀበልም። እናንተ አባቶች፣ ማንበብና መጻፍ ያስተማሩኝ ልጆቻችሁ ናቸውና ይህን አንብቡት። ጎን ለጎን የማስቀምጣቸው እኔ ነኝ። ነገ ጠዋትም እዚያው ጥግ ቆሜ ታገኙኛላችሁ።