ባሌ አዳራሽ ውስጥ የሰከረ ዕለት

ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ጂንካ፣ ገበያው ጥግ፣ በአንድ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይውላል። ዝምተኛ ነው፤ ቤት ሲገባም አፉን የሚከፍተው ለእራት ብቻ ነበር። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ግን፣ አንድ ምሽት ጫማውን እያወለቀ "ቴአትር አለብኝ" አለኝ።

ቴአትር ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ እንጂ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም።

"ምን ሆነህ ነው የምትሠራው?"

"ሰካራም።"

ሳቄ መጣ። እኛ ወንጌል የተቀበልን ቤት ነን፤ አረቄ ደጃችንን አልፎ አያውቅም። እሱ ግን አልሳቀም። የቀበሌውን የኪነት ቡድን የሚያሠለጥነው መምህር ልብስ ሊያሰፋ መጥቶ መልኩንና ቁመናውን ወዶለት፣ ለሊቀመንበሩ ነግሮ አስመድቦታል። በዚያን ጊዜ ቀበሌ ከመደበህ ተመድበሃል፤ እምቢ ማለት የለም። "ለእናቴ እንዳትነግሪያት" አለኝና ተኛ።

አማቴ የሚኖሩት ከእኛው ጋር ነበር። አማርኛቸው ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም፤ እኔና እሳቸው የምናወራው በአገራችን ቋንቋ፣ በአሪኛ ነው። ባላቸውን የጨረሰባቸው አረቄ ስለሆነ፣ ስለ ሰውየው አንድ ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ባሌ ለምን እንደፈራ ገብቶኛል። ነገር ግን አንዲት ጎረቤት "ልጅዎን አዳራሽ ልናየው ነው" ብላ ነግራቸው ኖሮ፣ እሑድ ከሰዓት ነጠላቸውን ለብሰው ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ምን ሆኖ እንደሚታይ ግን ጎረቤቲቱም አላወቀች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መጋረጃው በገመድ የተሰቀለ ሁለት ብርድ ልብስ ነው። ሊቀመንበሩ ንግግር አደረጉ፤ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ አንስተን መፈክር አሰማን፤ ከዚያ ብርድ ልብሱ ተገለጠ። ከጤና ጣቢያ የማውቃት ነርስ እንደ ገበሬ ሚስት ለብሳ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጣ እህል ትለቅማለች። ያን ያህል ሕዝብ እያያት፣ ማንም እንደሌለ ሁሉ ለብቻዋ ታንጎራጉራለች። ሳላንኳኳ ሰው ቤት የገባሁ ያህል አፈርኩ።

ከዚያ ባሌ ገባ። ግራ እግሩን እየጎተተ፣ ትከሻውን ወደ አንድ ጎን ጥሎ፣ በየእርምጃው ቆም እያለ። ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። አማቴ ግን ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ወዲያው ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረና ያ ዝምተኛ ሰውዬ ከዝናቡ በላይ ጮኸ። ወደ አማቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ "ላሟን ሸጬ ጠጣሁባት ነው የሚለው" ብዬ መተርጎም ጀመርኩላቸው።

"ተይው ልጄ፣ ይገባኛል" አሉኝ።

ባሌ ነርሷን ሊመታ እጁን ሲያነሳ፣ አማቴ ከተቀመጡበት ተነሡ። በልጅነቱ ሲቆጡት በነበረው ድምፅ ይመስለኛል፣ በአሪኛ "እጅህን አውርድ" አሉት።

እጁ አየር ላይ ቀረ። መምህሩ ከብርድ ልብሱ ጀርባ አንገቱን ብቅ አደረገ። ባሌ እጁን ቀስ አድርጎ አወረደና፣ እየተንገዳገደ፣ ምላሱ እንደተሳሰረ፣ እሱም በአሪኛ "እሺ እማዬ" አለ። ነርሷ አሪኛ ባትሰማም ብልህ ናት። ወደ አማቴ ዞራ "ተባረኩ እማማ፣ ባይደርሱልኝ ገድሎኝ ነበር" አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቀድሞውንም የታሰበበት የመሰለው ሰው ብዙ ነበር። በመጨረሻ ሰካራሙ ስብሰባ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ አደረገ፣ ላሟም ተመለሰች። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ የማየው አማቴን ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ጭቃውን እየረገጥን ሦስታችን ወደ ቤት ሄድን። ብዙ ከተጓዝን በኋላ አማቴ ልጃቸውን "ያንን አካሄድ ከየት አመጣኸው?" አሉት።

"ከአባቴ።"

"አንተ እኮ ሕፃን ነበርክ።"

"በር ላይ ተቀምጬ እጠብቀው የለ? ከሩቅ በአረማመዱ ነበር የምለየው።" ጭቃ የያዘውን ጫማውን ነቅሎ፣ "አንዳንዴ ደግሞ እየዘፈነ ይመጣ ነበር" አለ።

"አዎ" አሉ አማቴ። "ይዘፍን ነበር።"

ግቢ ስንደርስ ወደ ቤት አልገቡም። ደፉ ላይ ተቀምጠው "እስቲ አንዴ ሂድልኝ፤ እየዘፈነ የሚመጣውን" አሉት። ባሌ እኔን አየኝ። ከዚያ ከግቢው እንሰት ሥር ጀምሮ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እያዜመ እስከ በሩ መጣ። አማቴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ስቀው ስቀው እንባቸው ወረደ።

"ክፉ ሰው ነበር" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። "ድምፁ ግን ያምር ነበር።"

የኪነት ቡድኑ ያንን ቴአትር ለውድድር አርባ ምንጭ ወሰደው፤ ሳያሸንፉ ተመለሱ። ጂንካ ላይ በድጋሚ ሊታይ ሲል መምህሩ ራሱ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ አማቴ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንኑ ቁጣ እንዲቆጡለት ለመናቸው። "አንዴ ተቆጥቼዋለሁ፣ ይበቃዋል" ብለው አሰናበቱት። መሄዱን ግን ሄዱ፤ ከእኔ አጠገብ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ሲገባ ከሕዝቡ ሁሉ ቀድመው ሳቁ።