ግራ የፊት ጎማ

ባለፈው ሳምንት ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚኒባስ ስሄድ ከእግሬ ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሾፌሩ ዘፈኑን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሌላው ተሳፋሪ ልብ አላለውም። ወፍጮ ባዶውን ሲዞር የሚያሰማው ዓይነት ማጓራት ነው፤ መኪናው ሲፈጥን ይጨምራል፣ ሲያዘግም ይቀንሳል። «ልጄ፣ የፊት ኩሽኔታህ አልቋል» አልሁት። በመስታወቱ አየኝና «አባባ፣ አስፋልቱ ነው» አለኝ። አስፋልቱ አልነበረም።

በደርግ ጊዜ፣ በሃያ አራት ዓመቴ፣ የአጎቴን አሮጌ ፒክአፕ እነዳ ነበር። ሥራዬ ከዋጃ ሽንኩርት፣ ከሮቢት ማሽላ ወደ ቆቦ ማመላለስ ነው። ፒክአፕዋ አንዱ በሯ በገመድ ይታሰራል፣ መስኮቷ አንዴ ከወረደ በልመና ነው የሚወጣው። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ ግራሶ ደግሞ በኩፖንም አይገኝም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጎሊና ወንዝን በደራሽ ውሃ መሐል አቋረጥሁና የግራ የፊት ጎማውን ፈትቼ ባየው ጎማው የሚሽከረከርበት የኩሽኔታው ግራሶ ታጥቦ ሄዷል።

ድሮ ጋሪ ይነዳ የነበረ ጎረቤታችን «ላት አቅልጠህ ቀባው» አለኝ። ለጋሪ ይሠራ ይሆናል። ጋሪ ግን በራያ ፀሐይ እንደ መኪና አይሮጥም፤ ይህን ያሰብሁት በኋላ ነው። እናቴ ከጓዳ ያስቀመጠችውን የቀለጠ የበግ ላት ከቆርቆሮው ጠርጌ ወሰድሁ፤ ክዳኑንም መልሼ ገጠምሁ። መኪናዋ ጥቂት ሳምንት ጸጥ ብላ ሄደችልኝ። በብልሃቴ ኮራሁ። የሰፈሩ ውሾች ግን በቆመችበት ሁሉ የግራ ጎማዋን ከበው ያሸቱ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ አያሌው በዚያ ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጥቅምት ላይ፣ ማሽላው ሲያፈራ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከደሴ ቃል ይዞልን መጣ። ምልምሎቹ ሐሙስ ወደ ሰሜን ይጫናሉ፤ ቆቦ ላይ አያቆሙም፤ ዋጃ ከዛፎቹ ሥር ምሳ ይበላሉ። ከዚያ ወዲያ ግንባር ነው። እናቴ ዋጃ ደርሳ ልታየው ቆረጠች። ጭኮ ለወሰች፣ አያሌው መምጠጥ የሚወደውን ጥንቅሽ ከማሳ አስቆርጣ እንደ ችቦ አሰረች። ቋንጣ ልትጠብስ ላቱን ብትፈልግ ቆርቆሮው ባዶ ነው።

«አይጥ ጨርሶታል» አለች።

እኔ ማገዶ ልፈልጥ ወጣሁ። ከጎረቤት ዘይት ለምና ጠበሰችው።

ሐሙስ ጠዋት ከግቢ እንደወጣን ማጓራቱ ጀመረ። የትኛው ጎማ እንደሆነ ልቤ ያውቃል፤ ግን ሌላ ነገር ይሁን ብዬ ተመኘሁ። ከከተማው ጫፍ፣ ከከብት ገበያው አጠገብ መካኒኩ ጋሽ ሰይድ ነበሩና ወደ እሳቸው ወሰድኋት። ጋሽ ሰይድ በግምት ጎማ አይፈቱም። የቆቦ መንገድ ደግሞ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ ነው፤ መታጠፊያ ከሌለ የትኛው ጎማ እንደሚጮህ አይለይም። ስለዚህ መሪውን ይዘው ገበያ ያልዋለበትን ሜዳ መዞር ጀመሩ። ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ክብደቱ በግራው ላይ ወደቀና ጩኸቱ ባሰ፤ ወደ ግራ ሲያዞሩ ረገበ። እናቴ ስንቁን በጭኗ እንደያዘች አብራቸው ትዞራለች። ወርደው በክሪክ አነሷት፤ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ቢነቀንቁት እንደ ልጅ ጥርስ ተነቃነቀ።

እናቴ በቀስታ ብንሄድ አያደርሰንም ወይ አለቻቸው።

«እመት፣ ጎማው ከወለቀ ሁለተኛውን ልጅዎንም ይወስድብዎታል» አሏት።

«እንግዲያው ሥሩት» ብላ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

የጎማውን እምብርት ክዳን ሲያነሡት የተቃጠለ ጮማ ሸተተ። የኩሽኔታው ብረት በግለት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። ጋሽ ሰይድ ጣታቸውን አሸተቱና አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እናቴ ምን ሆኖ ነው ብላ ስትጠይቅ «የጎሊና ውሃ ገብቶበት ነው፣ እመት» አሏት። ለእኔ ብቻ፣ ዝቅ ብለው፣ «ላት ለድስት ነው፣ ያባቴ ልጅ» አሉኝ።

ከአሮጌ ብረቶቻቸው መሐል ልኩ የሆነ ኩሽኔታ ተገኘ። አሮጌው ግን የውጪ ቀለበቱ ከጎማው እምብርት ጋር ተጣብቆ አልወጣ አለ። በመሮ እያዞርን፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እየመታን ሳለን መሬቱ ተንቀጠቀጠ። መኪኖቹ መጡ። ሸራ የለበሱ የወታደር መኪኖች፣ አንዱ በሌላው አቧራ ውስጥ። እናቴ ጥንቅሹን ይዛ ወደ መንገዱ ሮጠች፤ ጉልበቷን የሚያማት ሴት እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። «አያሌው!» ብላ ጠራች። ከመጀመሪያው መኪና እጅ ተውለበለበላት፤ ከሁለተኛውም፣ ከመጨረሻውም። ሁሉም የእናቱ ልጅ ነዋ። የእሱ እጅ የትኛው እንደነበር አላወቅንም።

መዶሻውን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ላለቅስ ይገባኝ ነበር፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። ተመልሼ መሮውን መታሁ። ቀለበቱ ወጣ። ጋሽ ሰይድ ደብቀው ያኖሯትን ግራሶ አወጡና በመዳፋቸው ይዘው እያንዳንዱ ፍሬ እስኪጠግብ ኩሽኔታው ውስጥ ጠቀጠቁት። ዳዶውን አጥብቀው እንደገና ጥቂት ላላ አደረጉት፤ «ከጠበቀም ይቃጠላል፣ ከላላም ይወልቃል» እያሉ። ለእጃቸው ምንም አልተቀበሉም።

ወደ ዋጃ ያለ አንዳች ድምፅ ሄድን። በግራም በቀኝም ልጆች ከማማ ላይ ሆነው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። እናቴ ጥንቅሹን ከጭኗ አላወረደችም። ከዛፎቹ ሥር ስንደርስ የቀረው የጎማ ዱካና በየቦታው የተተፋ የጥንቅሽ ምጣጭ ነው። ውሃ ያጠጣቻቸው ሴት «አሁን ነው የተነሡ፣ እንሥራዬ ገና አልደረቀም» አለችን። አንድ ሰው ጥንቅሽ ሰጥቷቸዋል። እናቴ ምጣጩን ቆማ ስታየው ቆየችና «ይሁን፣ በልቷል» አለች። ስንቁን ለሴትዮዋ ሰጥታ ተመለስን።

አያሌው አልተመለሰም። ደርግ ሲወድቅ የሌሎች ልጆች በእግራቸው እየተጎተቱ መጡ፤ እኛ መንገድ መንገድ አየን፣ ከዚያ ማየቱንም ተውነው። ስለ ላቱ ለማንም አልነገርሁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴ በታመመችበት ክረምት አጠገቧ ተቀምጬ ጎመን እቀነጥስ ነበር። ምንም ሳይነሣ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «አይጥ በልቶ ክዳን አይከድንም» አለች። እጄ ጎመኑ ላይ ቀረ። ከዚያ ውሃ ስጠኝ አለች፤ ሰጠኋት።  በበጋው ቀበርናት።

ለካስ ቆርቆሮውን ባዶ ካገኘችበት ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር። በሜዳው ስትዞርም፣ ከድንጋዩ ላይ ስትቀመጥም፣ ወደ ዋጃ ዝም ብላ ስትሄድም። ያን ሁሉ ዓመት እሷ እንድነግራት ስትጠብቅ፣ እኔ እንዳታውቅብኝ ስጠብቅ ኖርን። የቆጨኝ ከላቱ ይልቅ ይኸ ነው።

ባለፈው ሳምንትም ሮቢት ስንደርስ ከሚኒባሱ ወረድሁና ጎንበስ ብዬ የግራ የፊት ጎማውን መሐል ነካሁት። ይፋጃል። ሾፌሩን ጠርቼ እጁን ይዤ አስነካሁት፤ ደንግጦ ሳበው።

«ግራሶ ረስተህ ከሆነ ለመኪናው ባለቤት ዛሬውኑ ንገር» አልሁት።