የዳባቱ ሜርሎ

ጠዋት፣ ጎንደር ፒያሳ

ሾፌሩ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ከማኪናው ፊት ቆሟል። ፒያሳ መጠጥ ቤት ያለው ነጋዴ አቶ ታፈሰ ከበረንዳው ምሰሶ አጠገብ ሲጋራ ያጨሳል። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ከመንገዱ ዳር ነኝ። ሌላ ሰው አልነበረም።

የምንሄደው ዳባት፣ ታናሽ እህቴ አልጋነሽ ዘንድ ነው። ባሏ ጣሊያን ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ አገሩ አልተመለሰም፤ እሷን አግብቶ ከቤቱ ጀርባ ወይን ተከለ። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። አቶ ታፈሰ የእሷን ወይን ጠጅ ቀምሶ ከወደደው በየዓመቱ ከእሷ ሊገዛ ነው። ካልወደደው ወይኑ ተነቅሎ መሬቱ ገብስ ይዘራበታል፤ እሷም ጎንደር እኔ ቤት ትገባለች። እኔም ብቻዬን ነኝ። አልጋ አንጥፌላት ነው የወጣሁት።

በመንገድ

ከተማውን ለቀን ሽቅብ ወጣን። መንገዱ ጥሩ ነው፤ ክረምቱ የበላው ቦታ ላይ ግን ወርደን በእግራችን ተሻገርን። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሾፌሩ ለሞተሩ ውሃ ሲጨምር እኛ ሽሮ በላን። ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። በነጠላዬ ላይ ጋቢ ደረብኩ።

«በዚህ ብርድ ወይን ይበስላል ብለው ነው?» አለኝ አቶ ታፈሰ።

«ሜርሎ የሚሉት የወይን ዘር ቶሎ ይደርሳል ይል ነበር ሟቹ። ሌላው ገና ጥሬ ሳለ እሱ ይለቀማል።»

«ሟቹማ ያውቅበት ነበር። የእሱን ጠጥቻለሁ።»

ዳባት

ከቀትር በኋላ ደረስን። ወይኑ በድንጋይ ካብ ተከልሎ፣ ቅጠሉን አራግፎ ቆሟል። አልጋነሽ ወጥታ ሳመችኝ።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

«ብርዱ ነው፣ እትዬ።»

ወደ ጓዳው አስገባችንና ከመጀመሪያው በርሜል ቀዳች። አቶ ታፈሰ ቀመሰ፤ ፊቱን አዙሮ ተፋው።

«ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሜርሎ ነዋ። ትንሽ ያገር ወይን አለበት።»

«ሌላስ?»

«ጌሾ።»

«ጌሾ! ወይን ላይ?»

«ታዲያ ያለ ጌሾ ምን ይጠመቃል? ቤቱ ብርድ ነው፣ እንዲፈላ ብዬ ነው። እሱ ሲጠምቅ በሩን ይዘጋ ነበር። ምን እንደሚጨምር በምን ልወቅ?»

«ጠጅ መጠጣትማ ጎንደርም እችል ነበር።»

ሾፌሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሁለተኛውም በርሜል ያው ሆነ። አቶ ታፈሰ ባርኔጣውን አደረገ።

«እንግዲህ ልብሴን ልሰብስብ» አለችኝ አልጋነሽ።

ከጥግ፣ በጆንያ የተሸፈነ ትልቅ ጠርሙስ አየሁ። ዝም ብል ማንም አያየውም ነበር።

«ያስ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ተይው እትዬ፣ ሰው ፊት የሚቀርብ አይደለም። ጌሾ አልቆብኝ እንዲሁ የቀረ ነው።»

አቶ ታፈሰ ከደጃፉ ተመለሰ። «እስቲ እንዲሁ የቀረውን ይቅዱልኝ።»

ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳ፤ ጠጣ፤ ደግሞ ጠጣ።

«ሸጋ ነው። የብርድ አገር ወይን መሆኑ ያስታውቃል፤ ኮምጠጥ ይላል፣ ግን ንጹሕ ነው። ለከርሞ ሁሉንም እንዲህ ያድርጉት። ጌሾዎን ለጠጅ ያቆዩት።»

«ሁሉንም ይገዙኛል?»

«ሁሉንም።»

አልጋነሽ መልሳ ቀዳችለት።

በማግስቱ

ጠዋት ልሰናበታት ስወጣ ወይኑ መካከል ሆና ቅርንጫፉን ትገርዛለች። መቀሱን መሬት ላይ አኖረችና መጣች።

«ለፋሲካ እመጣለሁ፣ እትዬ።»

«ብርዱን ተጠንቀቂ» አልኳት።

ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። ማኪናው ላይ ወጣሁ።