እስከ ጎሉ ብቻ የተነገረ ታሪክ

ልጅ ሳለሁ፣ ቡታጅራ ውስጥ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች ጋሽ ከድር በር ላይ እንሰበሰብ ነበር። ጋሽ ከድር በወጣትነታቸው የኮሌጅ ቡድን አምበል ነበሩ፤ እኛ ስናውቃቸው ግን የሰፈራችን ልጆች አሰልጣኝ ሆነው፣ ቀን ሜዳ ላይ ሲጮሁ ውለው ማታ ከሰል ምድጃቸው ላይ በቆሎ እየጠበሱ ያጫውቱን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፋኖሱ የፊታቸውን ግማሽ ብቻ እያሳየን፣ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ታሪክ እንሰማለን።

የፍጻሜ ጨዋታ ነበር። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ እግራቸውን ወለም አላቸው። ወጌሻው ውጣ ቢላቸውም እሳቸው እግራቸውን በጓደኛቸው ሻርፕ ጠፍረው ተመለሱ፤ በመጨረሻዋ ደቂቃም ጎሏን አገቡ። ታሪኩ በጓደኞቻቸው ትከሻ ላይ እንዳሉ ያልቃል። ከዚያ በቆሎ ሊያመጡ ሲነሱ ያነክሳሉ። በየማታው እያየን አንዳችንም ከምን እንደመጣ አልጠየቅንም። እኔማ የጀግና አረማመድ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ወንድሜ ነስሩ ከሁላችንም ይበልጥ ያምናቸው ነበር። አስራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከወልቂጤ ልጆች ጋር ለሚደረገው ግጥሚያ አራት ቀን ሲቀር ልምምድ ላይ እግሩን ወለም አለው። ቢናገር ጋሽ ከድር እንደማያሰልፉት ያውቃል። ጓሮ ወስዶኝ፣ «ለእማዬ ብትነግሪ ወንድምሽ አይደለሁም። ወላሂ በይ!» አለኝ። ወላሂ አልኩ። በየጠዋቱ በሻሼ የማስርለት እኔ ነበርኩ። «ጠበቅ አድርጊው» ሲለኝ አጠብቀዋለሁ። ጥርሱን ሲነክስ ኮራሁበት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በግጥሚያው ቀን፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ፣ ማንም ሳይነካው ወደቀ። ጋሽ ከድር እያነከሱ ሮጠው ካልሲውን ሲያወርዱት ሻሼን አገኙት። እግሩ ጠቁሮ አብጧል። ሻሹን እንደያዙ ሳሩ ላይ ተቀመጡ፤ ተነሱ ቢባሉም አልተነሱም።

ነስሩ አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ሲመለስ ጋሽ ከድር ቤታችን መጡ፤ መግባት አቅቷቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«አፉ በይኝ ዘይነባ፣ ይቅር በይኝ» አሏት እናታችንን። «ጎሉን ብቻ ነበር የምነግራቸው። ከጎሉ በኋላ ስድስት ወር መተኛቴን፣ ሁለተኛ ኳስ አለመንካቴን መቼ ነገርኳቸው? መጫወት ቢያቅተኝ አይደል አሰልጣኝ የሆንኩት!»

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ጠላኋቸው፤ ያሰርኩት እኔ ስለሆንኩ ደግሞ ይበልጥ ጠላኋቸው። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ በራቸው ዝግ ነበር፤ እስኪሞቱም አንድ ታሪክ አላወሩም።

ዛሬ በዚያ ሜዳ የሚያሰለጥነው ነስሩ ነው፤ እንደሳቸው እያነከሰ። ባለፈው ክረምት ልጠይቀው ሄጄ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ልጆቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ፤ በቆሎው ከሰል ላይ ሆነ። የጋሽ ከድርን ጨዋታ ሲያወራላቸው ሰማሁ፤ ሻርፑ፣ ጎሉ፣ ትከሻው፣ አንድም አልቀረ። እዚያ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ በቆሎውን ማገላበጥ ጀመረ፤ እሱም እዚያው ላይ ሊጨርሰው ነው ብዬ ፈራሁ። በዚህ መሀል አንዲት ትንሽ ልጅ፣ በቆሎዋን እያኘከች፣ «ከዚያስ?» አለችው።

ከእነዚያ ምሽቶች እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው፤ በዚያ ሁሉ ማታ ይህችን አንዲት ቃል የሚል ልጅ ከመሀላችን አልተገኘም። ነስሩ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እግሩን ወደ ፍሙ ብርሃን አስጠጋላቸው።