በማው ማው የተገኘ ጥላ

ላስ ቬጋስን የሠራው ሰው ጥላን ቆጥሮ ያደለ ቆንቋና ነው። በአፓርታማችን ግቢ ጣሪያ ያለው ፓርኪንግ ለሁሉም አይዳረስም፤ የቀረነው መኪናችንን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። በፈረንጆቹ 2020 ሰመር የእኔ መኪና መቀመጫ ሥጋ ይጠብስ ነበር።

ከበላዬ የሚኖሩ ጀርመናዊት ባልቴት መንዳት ሲያቆሙ ባለጣሪያ ቦታቸው ባዶ ቀረ፤ ጥላቸውን የምንመኝ ሁለት ሰዎች ብቅ አልን፤ እኔና የወሎው ጎረቤቴ። እሱ ካዚኖ ውስጥ ለቁማርተኞች ካርታ የሚያድል ዲለር ነበር፤ እኔ እዚያው ወጥ ቤት ዕቃ አጣቢ። ወረርሽኙ ሲመጣ ሁለታችንንም አሰናበቱን። እሱ ዳቦ ገዛላቸው፤ እኔ ቆሻሻቸውን ጣልኩ። ባልቴቷ ግን በዚህ የሚደለሉ አልነበሩም።

"ማው ማው ትጫወታላችሁ። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ይወስደዋል" አሉን።

የአገራቸው ልጆች የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። እጁን ቀድሞ ባዶ ያደረገ ያሸንፋል። ከሰባት በታች ያሉት ቁጥሮች ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ይታደላል፤ አንዱ ካርታ መሐል ተገልጦ ይቀመጣል፣ የተረፈው ይደፋል። በተራህ፣ የመሐሉን በቁጥር ወይም በምስል የሚመስል ትጥላለህ፤ ከሌለህ ከተደፋው አንድ ታነሳለህ። ሰባት ከጣልኩብህ ሁለት ታነሳለህ። ስምንት ከጣልኩ ተራህ ይዘለላል። ጃክ የትም ላይ ይጣላል፤ ቀጣዩን ምስል የሚመርጠውም ጣዩ ነው። አንድ ካርታ ሲቀርህ "ማው" ትላለህ፤ እሷን ስትጥል ደግሞ "ማው ማው"። ከረሳህና ከተነቃብህ ሁለት አንስተህ ትቀጥላለህ።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ በጆሮ የገባ ሕግ አላምንም። ሁሉንም በማሰናበቻ ደብዳቤዬ ጀርባ ጻፍኩት። ደብዳቤው የጠቀመኝ ለዚህ ብቻ ነው። ዲለሩ ሳቀ።

"ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ካርታ ያደልኩ ሰው እኮ ነኝ። እርስዎ ሰሃንዎን ይጠቡ።"

"አሥራ ሁለት ዓመት ስታድል አንድ ቀን አሸንፈህ ታውቃለህ?" አልኩት።

ሳምንቱን ጠዋት ጠዋት ደረጃው ሥር ሁለታችን ተለማመድን። ሲበውዝ ጣቶቹ ያስቀናሉ። አፉ ግን ሥራ ላይ ዝም ማለት የለመደ የዲለር አፍ ነው። ዲለር ከጠረጴዛ ሲነሳ እጁን አጨብጭቦ መዳፉንና አይበሉባውን ወደ ላይ ያሳያል፤ ምንም አልሰረቅኩም ለማለት፣ ለጣሪያው ካሜራ። የኛ ደረጃ ሥር ካሜራ የለም፤ ያለው የርግብ ጎጆ ነው። እሱ ግን በጨረሰ ቁጥር ያጨበጭባል። ሁለት ጊዜ እያጨበጨበ "ማው ማው" ማለቱን ረሳ። አየሁ፣ ዝም አልኩ። የሰው ስህተት ቶሎ የሚያርም አስተማሪ ይባላል እንጂ ጥላ አያገኝም።

ቅዳሜ ባልቴቷ ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ለዳኝነት ተቀመጡ። ሁለት ለሁለት ሆንን። በመጨረሻው ጨዋታ እሱ "ማው" ብሎ አንዲት ካርታ ቀረችው፤ እኔም በተራዬ ጥዬ ሦስት ቀሩኝ።

"ጋሼ፣ የእርስዎ መኪና እኮ ተቃጥሎ ያለቀ ነው። ጥላ ምን ያደርግለታል?"

"ጣልና እንይ።"

ዘጠኝ ልብ ጣለ። አጨበጨበ። መዳፉን ለርግቦቹ አሳየ፣ አይበሉባውንም አሳየ። ከአፉ ምንም አልወጣም። በልቤ እስከ ሦስት ቆጠርኩ።

"ሁለት አንሳ" አልኩት።

"የምን ሁለት?"

ደብዳቤዬን ገልብጬ መስመሩን በጣቴ አሳየሁት። ባልቴቷም ሁለት ጣታቸውን አወጡ።

"ወላሂ፣ ይሄ ማጭበርበር ነው! ሲያውቁ ነው ዝም ያሉኝ!"

"ማጭበርበር ካርታ መደበቅ ነው። እኔ የደበቅኩት ምክር ነው።"

እያጉረመረመ አነሳ። ስምንት ልብ ጣልኩ፤ ተራው ተዘለለ። ስምንት ስፔድ አስከተልኩ፤ ዳግመኛ ተዘለለ። "ማው" አልኩ ቀስ ብዬ። ከዚያ ጃኬን ወርውሬ ግቢው እስኪሰማ ጮህኩ፤ "ማው ማው!"

ከሰዓት በኋላ መኪናዬ ጣሪያው ሥር ገባ። ተጸጸትኩ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ሥራ የለኝ፣ የምሄድበት የለኝ፤ ግን ገብቼ መሪውን በባዶ እጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ዲለሩ ማዶ ፀሐዩ ላይ የጋለውን የመኪናውን በር በቲሸርቱ ጫፍ እየከፈተ አየኝ።

"ወዴት ነው ጋሼ?"

"የትም" አልኩት። "እዚሁ ነኝ።"